ዕድሜዋን የተነጠቀች ልጅ፦ የጂፕሲ ሮዝ ብላንቻርድ ጉዳይ ጥናት

ሐኪሙ የሚጠይቁት ልጅቷን ነው፤ የምትመልሰው ግን እናትየዋ ናት። ልጅቷ ዊልቸር ላይ ተቀምጣለች። ራሷ ተላጭቷል፣ ትልቅ መነጽር አድርጋለች፣ ድምፅዋ እንደ ሕፃን ቀጥኗል። እናትየዋ ጠጋ ብላ እጇን ይዛታለች። ለሚያይ ሰው አንጀት የሚበላ የእናትና ልጅ ፍቅር ነው። ልጅቷ ያልተፈቀደላትን ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ግን የተያዘው እጅ ጠበቅ ተደርጎ ይጨመቃል። ያኔ ዝም ትላለች። ጂፕሲ ሮዝ ብላንቻርድ ከታሰረች በኋላ የምርመራ ክፍሉን ስትገልጽ የተናገረችው ይህንን ነው።

ይህ ጉዳይ በአሜሪካ ብዙ ተወርቶለታል። የሚወራው ግን በአብዛኛው እናትየዋ ስለተገደለችበት ወንጀል ነው። ግድያው የመጨረሻዋ ሌሊት ጉዳይ ሲሆን ከዚያ በፊት ያሉት 23 ዓመታት ለሐኪም፣ ለነርስ፣ ለጎረቤትና ለዘመድ ብዙ ያስተምራሉ። እናትየዋ ጤነኛ ልጇን ታማሚ ናት እያለች ይህን ሁሉ ዘመን የኖረችው በአንድ ዘዴ ነበር፦ ስለ ልጅቷ የሚነገር ማንኛውም ነገር በእሷ አፍ ብቻ እንዲያልፍ አድርጋለች። ሐኪሞቹ እርስ በርሳቸው፣ አባት ከልጁ፣ ጎረቤት ከዘመድ በቀጥታ ቢነጋገሩ ኖሮ ውሸቱ አንድ ሳምንት ባልቆየ ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

እናትየዋ ክላውዲን ብላንቻርድ ትባላለች፤ ሰው የሚያውቃት ዲዲ በሚለው ስም ነው። በ1967 በሉዊዚያና ግዛት ተወለደች። በነርስ ረዳትነት ሠርታለች፤ ይህ ቀላል የሚመስል ነገር ኋላ ላይ ትልቅ መሣሪያ ሆኗታል። የ24 ዓመት ሴት ሳለች ሮድ ብላንቻርድ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት አገባች። ትዳሩ አልጸናም፤ ጂፕሲ ጁላይ 27 ቀን 1991 ስትወለድ ተለያይተው ነበር። ልጅቷ ገና የሦስት ወር ሕፃን እያለች እናትየዋ «በእንቅልፏ ትንፋሿ ይቆማል» ብላ ሆስፒታል አስተኛቻት። በሌሊት ክትትል መሣሪያ ተደርጎላት ምንም ችግር አልተገኘባትም። ዲዲ ግን ልጅቷ የክሮሞዞም ችግር እንዳለባት ለሮድ ነገረችው። የበሽታው ዝርዝር ከዚያ በኋላ እየረዘመ ሄደ፦ የሚጥል በሽታ፣ አስም፣ የጡንቻ መዳከም፣ የደም ካንሰር፣ የእይታና የመስማት ችግር፣ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆናት ዊልቸር ላይ ነበረች፤ ሆዷ ላይም የመመገቢያ ቱቦ ገባ። ትምህርት ቤት የቆየችው ጥቂት ጊዜ ብቻ ሲሆን ማንበብን በአብዛኛው ራሷን ነው ያስተማረችው።

ዘመዶች አልጠረጠሩም ማለት አይደለም። ሉዊዚያና ያለው የዲዲ ቤተሰብ ስለ ዊልቸሩ ጥያቄ ሲያበዛባት እሷ ልጇን ይዛ ኒው ኦርሊንስ አቅራቢያ ወዳለችው ስላይዴል ሄደች። ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ቦታ መልቀቅ ከዚያ ወዲያ ልማዷ ሆነ። ሐኪም ሲጠረጥር ሐኪም ትቀይራለች፤ ዘመድ ሲጠይቅ ከተማ ትቀይራለች።

ኦገስት 29 ቀን 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ አካባቢውን አጥለቀለቀ። እናትና ልጅ ከመጠለያ ወደ ሚዙሪ ግዛት ተወሰዱ። ለዲዲ ይህ ጎርፍ ያለፈውን ታሪክ በሙሉ አጠበላት። አዲሱ ሐኪም የቀድሞውን የሕክምና ፋይል ሲጠይቃት «ጎርፍ ወሰደው» ትላለች። በኒው ኦርሊንስ በእውነት ብዙ መዝገብ ጠፍቶ ስለነበር ማንም አልተጠራጠራትም። በዚያ ላይ ከካትሪና የተረፈች፣ ብቻዋን የታመመች ልጅ የምታሳድግ፣ ሳቂታ፣ ሰው ስታገኝ አቅፋ የምትስም ሴት ናት። በ2007 በቱቦ የሚመገቡ ሕሙማንን የሚረዳ ድርጅት ጂፕሲን የዓመቱ ልጅ ብሎ ሸለማት። በ2008 አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ስፕሪንግፊልድ ከተማ ውስጥ ለዊልቸር መወጣጫ ያለው ሮዝ ቀለም የተቀባ ቤት ሠራላቸው። ወደ ዲዝኒ ዎርልድ ነጻ ጉዞ፣ ነጻ በረራ፣ ልገሳ ይጎርፍላቸው ጀመር።

ሰዎቹ ሞኞች ነበሩ ለማለት መቸኮል አይገባም። የዲዲ ሳቅና እቅፍ ሐሰት ቢሆንም የሰጠቻቸው ስሜት እውነተኛ ነበር። አንድ ሰው ቤት ሠርቶ ከሰጠ በኋላ ልጅቷ መራመድ ትችል ይሆን ብሎ መጠየቅ የራሱን ደግነት እንደ መጠየቅ ይሆንበታል። ስጦታው በበዛ ቁጥር የመጠየቅ ድፍረት የሚያንሰውም ለዚህ ነው።

አሁን ሕክምናው ውስጥ ውሸቱ እንዴት እንደተገነባ ቀረብ ብለን እንይ። የሕፃን ሕክምና የሚጀመረው ከወላጅ ቃል ነው። ሐኪሙ በመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ «ልጇ የደም ካንሰር እንደነበረባት እናትየዋ ተናግራለች» ብሎ ይጽፋል፤ ይህ ትክክለኛ አጻጻፍ ነው። ከወር በኋላ ሌላ ሐኪም ያንን ሲገለብጥ «እናትየዋ ተናግራለች» የምትለዋ ትቀርና «የደም ካንሰር ታሪክ አላት» ትሆናለች። ሦስተኛው ሐኪም ከዚህ ተነስቶ ያዝዛል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለቴ በመገልበጧ ብቻ ወሬ የነበረው የተረጋገጠ ምርመራ ሆነ። ዲዲ ደግሞ የነርስ ረዳት ስለነበረች የመድኃኒቱን ስም፣ የምርመራውን ዓይነት፣ የሐኪሞቹን ቋንቋ ታውቃለች። የሐኪም ቋንቋ የሚናገር ወላጅ ደግሞ ብዙ አይፈተንም።

እነዚህ በሽታዎች ግን በአፍ ብቻ የሚኖሩ አይደሉም። የደም ካንሰር በደም ቆጠራ ይጠረጠራል፣ በመቅኔ ናሙና ይረጋገጣል፣ ናሙናውን ያየው ባለሙያ የፈረመበት ውጤት ይኖረዋል፤ የኬሞቴራፒው መጠንና ቀን ተመዝግቦ ይቀመጣል። ከእነዚህ አንዱም ወረቀት የሌለው ካንሰር ሲገጥም ሐኪሙ መቆም አለበት። የጡንቻ መዳከም በሽታም በደም ምርመራ፣ በጡንቻ ናሙናና በአካል ምርመራ ይታያል፤ የእግሯ ጡንቻ ተሰልሎ እንደሆነ በእጅ በመዳሰስም መገመት ይቻላል። የሚጥል በሽታ ግን ለአታላይ ይመቻል፤ ሐኪሙ ፊት ላይከሰት ስለሚችል ሐኪሙ «ቤት ውስጥ አየሁ» በሚለው ቃል ላይ መደገፉ አይቀርም። ለጂፕሲ ለሚጥል በሽታ የሚሰጥ መድኃኒት የታዘዘላት በዚሁ መንገድ ነው።

ከሁሉ የሚዘገንነው የምራቅ እጢዋ ታሪክ ነው። እናትየዋ «ምራቋ ይዝረከረካል» ብላ ታመጣታለች። ጂፕሲ እንደተናገረችው ወደ ሐኪም ከመሄዳቸው በፊት ዲዲ ድድዋ ላይ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ትቀባት ነበር፤ አፉ ሲደነዝዝ ምራቅ መዋጥ ስለሚያስቸግር ሐኪሙ ፊት በእርግጥም ይዝረከረካል። ሐኪሞቹ መጀመሪያ እጢዎቹን ምራቅ በሚቀንስ የቦቶክስ መርፌ ሞከሩ፤ ኋላ በቀዶ ሕክምና አወጧቸው። ምራቅ ግን የጥርስ ጠባቂ ነው፤ አሲድ ያጥባል፣ ጥርስን ያጠነክራል። እሱ ሲጠፋ፣ መድኃኒቱም ሲጨመርበት፣ ጥርሶቿ በስብሰው መውለቅ ጀመሩ። የበሰበሰው ጥርስ ደግሞ በተራው «ይቺ ልጅ እንዴት ብትታመም ነው» ለሚለው ማስረጃ ሆነ። የሌለ በሽታ እውነተኛ ጉዳት ወለደ፤ ጉዳቱ ተመልሶ ለሌለው በሽታ መሰከረ። ይህ ዓይነቱ በደል ከተራ ውሸት የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ስለቱን የያዙት የሐኪሞቹ እጆች ናቸው፤ ስለዚህ ጥፋቱ ሲገለጥ የሐኪሙም ጥፋት አብሮ ይገለጣል፤ ያ ፍርሃት የብዙዎችን አፍ ይለጉማል።

ጂፕሲ ራሷ ምን ታውቅ ነበር? ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁት ይህንን ነው፤ ብዙ ጊዜም በወቀሳ ቃና። መራመድ እንደምትችል ታውቃለች። በአፏ መብላት እንደምትችልም ታውቃለች። ካንሰር እንዳለባት ግን አምና ነበር፤ ክኒኖቹ የካንሰር ናቸው ስለተባለች። ጸጉሯን ስትላጫት እናትየዋ «መድኃኒቱ ያረግፈዋል፤ ከመርገፉ በፊት እኛው እንላጨው» ትላት ነበር። በእንዲህ ያለ ቤት የሚያድግ ልጅ ከውሸቱ ግማሹን ያውቃል፣ ግማሹን ያምናል፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት የሚጠይቀው ሰው የለውም። ያወቀውን ግማሽ ደብቆ ሲኖር ደግሞ ራሱን ተባባሪ አድርጎ ስለሚቆጥር፣ የሚያጋልጠው እናቱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይመስለዋል።

በዚህ ሁሉ መሃል እውነቱ አንድ ጊዜ ደጃፉ ድረስ መጥቶ ነበር። በ2007 ስፕሪንግፊልድ ውስጥ የሕፃናት የነርቭ ሐኪም የሆኑት በርናርዶ ፍላስተርስታይን ጂፕሲን መረመሩ። ኤምአርአይና የደም ምርመራ አዘዙ፤ ምንም አልተገኘም። ልጅቷ ክብደቷን ችላ ስትቆም በዓይናቸው አዩ። እናትየዋንም «ለምን እንደማትራመድ አይገባኝም» አሏት። ከዚያም ሌላው ያላደረገውን አደረጉ፤ ኒው ኦርሊንስ ደውለው የቀድሞውን ሐኪም አገኙ። የጡንቻው ናሙና ውጤት ከመዳከም በሽታ ነጻ እንደነበረ ከዚያ ተነገራቸው። ጎርፍ ወሰደው የተባለው ታሪክ በስልክ መስመር ማዶ በሕይወት ነበረ። ሐኪሙ ካርዱ ላይ እናትየዋ የምትሰጠው ታሪክ የማይታመን መሆኑን ጻፉ፤ በሽታው በወላጅ የተፈበረከ ሊሆን እንደሚችልም አሰፈሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ጉዳዩን ያበላሸው። ጥርጣሬው ተጻፈ እንጂ ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት አልተነገረም። ሌሎች ሐኪሞች እናትና ልጅን በጥንቃቄ እንዲይዟቸው ነግረዋቸው እንደነበር፣ ብናገር ማን ያምነኛል ብለው እንደነበርና እንደተጸጸቱ ሐኪሙ ኋላ ላይ በአደባባይ ተናግረዋል። ዲዲ ግን የጻፉትን አግኝታ አነበበችው። ከዚያ ወዲያ ወደ እሳቸው አልተመለሰችም፤ ሌላ ሐኪም ፈለገች። ጥርጣሬን ጽፎ መከላከያ ሳያዘጋጁ መተው የሚያመጣው ውጤት ይኸው ነው፦ በዳዩ ይነቃል፣ ተበዳዩ ባለበት ይቀራል።

በ2009 ሁለተኛ ዕድል መጣ። አንድ ሰው ስሙን ሳይገልጽ ለስፕሪንግፊልድ ፖሊስ ዲዲ የተለያየ ስምና የተለያየ የልደት ቀን እንደምትጠቀም፣ ልጅቷም እንደሚባለው የታመመች እንደማትመስል ጠቆመ። ፖሊሶች ቤት ድረስ ሄዱ። ዲዲ በእርጋታ አስረዳቻቸው፤ ስሙን የምትለዋውጠው ከሚደበድባት የቀድሞ ባሏ ለመሸሸግ ነው አለች። ፖሊሶቹ አምነዋት ተመለሱ፤ ፋይሉ ተዘጋ። «የሚደበድባት» የተባለው ሮድ በዚያ ጊዜ በየወሩ 1,200 ዶላር ቀለብ ይልክ ነበር። ጎረቤቶቹ የሚያውቁት ሰካራም፣ ሱሰኛና ልጁን የካደ አባት ነው፤ አባትየው የሚያውቀው ደግሞ ታማ የምትማቅቅ ልጅና ለእሷ የምትደክም እናት ነው። በመካከላቸው ያለችው አንዲት ሴት ናት።

የቤቱ ትልቁ ገመና ግን በሽታው እንኳ አልነበረም። ዕድሜዋ ነበር። ዲዲ የልደት የምስክር ወረቀቱን ቅጂ ለውጣ ዓመቱን 1995 አድርጋዋለች። ጂፕሲ 18 ዓመት የሞላት ቀን ሮድ እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ሲደውል ዲዲ አስቀድማ ስለ 18 ዓመት እንዳያነሳባት አስጠነቀቀችው፤ «14 ዓመቷ ነው የሚመስላት፤ ትረበሻለች» አለችው። የአእምሮ ዕድገቷ ዘገምተኛ ነው ስለተባለ አባትየው ተቀበለ። ጂፕሲ እንደተናገረችው አንድ ቀን ሜዲኬይድ በተባለው የመንግሥት የጤና መድን መታወቂያዋ ላይ 1991 የሚል አይታ እናቷን ጠይቃለች፤ የተሰጣት መልስ «የጽሑፍ ስህተት ነው» የሚል ነበር።

ለምን ዕድሜ? አሜሪካ ውስጥ ጁላይ 27 ቀን 2009 ከጠዋት ጀምሮ ጂፕሲ በሕግ አዋቂ ናት። ፍርድ ቤት ሞግዚት ካልሾመባት በስተቀር ያለፈቃዷ ቀዶ ሕክምና ሊደረግላት አይችልም፤ እናትየዋ ፋይሏን የማየት መብት የላትም፤ ከቤት ወጥታ ብትሄድ ማንም በግድ አይመልሳትም። ልጅቷ ግን ይህን ሁሉ መብት የምትጠቀመው ዕድሜዋን ስታውቅ ብቻ ነው። አራት ዓመት በመስረቅ ዲዲ የሰረቀችው የበሩን ቁልፍ ነው። የልደት ቀኖች እርስ በርስ የማይገጥሙበትን ካርድ ያየ የካርድ ክፍል ሠራተኛ «ስህተት ነው» ብሎ ከማረም በፊት ሊያስብበት የሚገባውም ለዚህ ነው።

በ2011 ጂፕሲ በአንድ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ አፍቃሪዎች ስብሰባ ላይ ካገኘችው ሰው ጋር ልትጠፋ ሞከረች። ያን ጊዜ 19 ዓመቷ ነው። እናትየዋ ደርሳባቸው ለሰውዬው «ልጄ 15 ዓመቷ ነው፤ ፖሊስ እጠራለሁ» ስትለው ለቀቃት። ጂፕሲ እንዳለችው ቤት ሲገቡ ኮምፒውተሩ በመዶሻ ተሰባበረ፤ እሷም ለሁለት ሳምንት ያህል አልጋ ላይ ታሰረች። የአእምሮ ብቃት የላትም የሚል ወረቀት አስገብቻለሁ፤ ፖሊስ ብትጠሪ የሚያምንሽ የለም ተባለች።

የመጨረሻውን ባጭሩ እንለፈው። ከዓመት በኋላ ኒኮላስ ጎድጆን ከተባለ የዊስኮንሲን ወጣት ጋር በአንድ የክርስቲያኖች የመተጫጫ ድረ ገጽ ተዋወቀች። ጁን 2015 ላይ ጂፕሲ በሩን ከፈተችለት፤ ገብቶ ዲዲን በቢላ ገደላት፤ ጂፕሲ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጆሮዋን ይዛ ነበር። አስከሬኑ የተገኘው ጁን 14 ቀን፣ በእናትና ልጅ የጋራ ፌስቡክ ገጽ ላይ አስደንጋጭ መልእክት ከወጣ በኋላ ነው። ጎረቤት ሁሉ ያለ ዊልቸርና ያለ መድኃኒት የተወሰደችውን አካል ጉዳተኛ ሕፃን ሲፈልግ፣ በማግስቱ ፖሊስ ዊስኮንሲን ውስጥ በእግሯ የምትሄድ የ23 ዓመት ሴት ያዘ። የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ ነገሩ እንደሚታየው እንዳልሆነ ለሕዝቡ ተናገሩ። አቃቤ ሕጉ የሞት ቅጣት አልጠየቁም። በጁላይ 2016 ጂፕሲ በሁለተኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛነቷን አምና 10 ዓመት ተፈረደባት። ጎድጆን በኖቬምበር 2018 በአንደኛ ደረጃ ግድያ ጥፋተኛ ተብሎ በተከታዩ ዓመት የዕድሜ ልክ እስራት ያለ አመክሮ ተበየነበት። እሷ ዲሴምበር 28 ቀን 2023 በአመክሮ ተፈታች።

የበደሉ ስም ብዙ ነው። እንግሊዛዊው የሕፃናት ሐኪም ሮይ ሜዶው በ1977 ሁለት ጉዳዮችን አሳትመው «ሙንቻውሰን በውክልና» አሉት (ሙንቻውሰን ሰው ራሱን ታማሚ አስመስሎ የሚያቀርብበት ሕመም ስም ነው)፤ በአንደኛው እናት የልጇን የሽንት ናሙና ትበክል ነበር፣ በሌላኛው ልጅ በጨው ተመርዟል። በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና መመሪያ «በሌላ ሰው ላይ የሚጫን የተፈበረከ ሕመም» ይለዋል። የሕፃናት ጥበቃ ባለሙያዎች ግን «በሕክምና የሚፈጸም የሕፃን በደል» የሚለውን ይመርጣሉ፤ ልክ ናቸው። ዲዲ በሕይወት ሳለች ለዚህ ጉዳይ በአእምሮ ሐኪም አልታየችም፤ ስለዚህ ከሞተች በኋላ የሚለጠፍባት ምርመራ ግምት ነው። ልጅቷ ላይ የደረሰው ግን ግምት አይደለም። ልጅን ለመከላከል የእናትየዋን አእምሮ መርምሮ እስኪጨርሱ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ልጁ የማያስፈልገው ሕክምና እየተደረገለት ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብቻ ይበቃል።

ታዲያ ጥርጣሬ የገባው ሐኪም ወይም ነርስ ምን ያድርግ? መጀመሪያ አንድ ሰንጠረዥ ይሠራል። ዓምዶቹ ስድስት ናቸው፦ ቀን፣ የቀረበው አቤቱታ፣ ምልክቱን በዓይኑ ያየው ማን ነው፣ የተደረገው ምርመራ፣ ውጤቱ፣ የተሰጠው ሕክምና። ከልደት ጀምሮ ያለው ሁሉ በቅደም ተከተል ይገባል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ረጅም ታሪክ ላለው ልጅ ቀናት ይወስዳል። ሆኖም እውነቱ የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ዓምድ ላይ «እናት፣ እናት፣ እናት» እየተባለ ከወረደ፣ አምስተኛው ላይ «ጤናማ፣ ጤናማ» ከተባለ፣ ስድስተኛው ግን በቀዶ ሕክምናና በመድኃኒት ከተሞላ ሌላ ማብራሪያ አይሻም።

ሰንጠረዡ የሚሞላው ከወላጅ እጅ በመጣ ወረቀት አይደለም። ሐኪም ለሐኪም በቀጥታ ይደውላል፤ የአሜሪካው የሕክምና ምስጢር ሕግ ሂፓ ለሕክምና ሥራ ሲባል ሐኪሞች መረጃ እንዲለዋወጡ ይፈቅዳል፣ የወላጅ ፊርማ አያስፈልግም። የቀድሞው ፋይል ጠፋ ቢባል እንኳ የመድን ድርጅቱ የክፍያ መዝገብ አለ፤ በየትኛው ቀን፣ የትኛው ክሊኒክ፣ ለምን ሕክምና ገንዘብ እንደጠየቀ ያሳያል። ሐኪም የመቀያየር ልማድ ከዚህ በላይ ጥርት ብሎ የሚታይበት ቦታ የለም። የልደት ምስክር ወረቀትም ከሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት በቀጥታ እንጂ ከወላጅ ቦርሳ በወጣ ፎቶ ኮፒ አይረጋገጥም።

ልጁን ለብቻው ማነጋገር የግድ ነው። «እናትህ ትጎዳሃለች ወይ» ብሎ መጀመር አይገባም፤ ልጁ ወዲያው ይዘጋል። «ዛሬ ጠዋት ምን በላህ? በምን በላህ? እናትህ ስትተኛ ምን ታደርጋለህ? ከወንበሩ ወርደህ ታውቃለህ?» የሚሉት ይሻላሉ። አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ በሚመጣበት የአሜሪካ ክሊኒክ እናትየዋ ወይም ሌላ ዘመድ አስተርጓሚ መሆን የለበትም፤ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል ባለሙያ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። በዘመድ አፍ የሚተረጎም የልጅ ቃል ከተጨመቀው እጅ ብዙም አይለይም።

እናትየዋን ፊት ለፊት መጋፈጥ የመጨረሻው ነው፤ የልጁ ደህንነት ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ። የ2007ቱ ስህተት ይህንን ያስተምራል። ጥርጣሬው እንደተፈጠረ ለሕፃናት ጥበቃ መንገር ነው። በአሜሪካ ሐኪም፣ ነርስ፣ መምህርና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያ በሕግ የመናገር ግዴታ አለባቸው፤ ሕጉ የሚጠይቀውም ምክንያታዊ ጥርጣሬን እንጂ ማስረጃን አይደለም። ማጣራቱ የሌላ ሰው ሥራ ነው። በነርስነትና በነርስ ረዳትነት የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን ይህ ግዴታ እንደየግዛቱ ሕግ እነሱንም እንደሚመለከት ልብ ሊሉ ይገባል፤ «በሰው ቤት ገመና ምን አገባኝ» የሚለው አስተዳደጋችን እዚህ ላይ ልጅ ያስበላል። ልጁ 18 ከሞላው ደግሞ የሚደወለው ለአካል ጉዳተኛ አዋቂዎች ጥበቃ ነው። በጂፕሲ ጉዳይ ከ2009 በኋላ የሚጠቁም ሰው ቢኖር እንኳ ወደተሳሳተው ቢሮ በደወለ ነበር፤ ሁሉም የሚያውቀው የውሸቱን ዕድሜ ነውና።

ከዚህ ሁሉ ማረጋገጫ የሚበልጠው ልጁን ከወላጁ መለየት ነው። ልጁ ሆስፒታል ይተኛል፤ ወላጁ ከአጠገቡ ይርቃል ወይም ሁልጊዜ ሠራተኛ ባለበት ብቻ ይጠይቀዋል፤ ምግብም መድኃኒትም ከውጭ አይገባም። መድኃኒቶቹ በሐኪም ቁጥጥር ቀስ እያሉ ይቀነሳሉ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም፣ ማቋረጡ ራሱ ማንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ነርሶቹ ያዩትን ብቻ በሰዓት እየመዘገቡ ይጽፋሉ፦ ስንት ጊዜ አንቀጠቀጠው፣ ምን ያህል በላ፣ ክብደቱ ጠዋት ስንት ነበር፣ ማንም ሳያግዘው ተራመደ ወይ። ምልክቶቹ ወላጁ ሲርቅ ጠፍተው ሲመለስ ከተመለሱ መልሱ ተገኝቷል።

ለጂፕሲ ይህን ፈተና ያደረገላት ሆስፒታል የለም። ያደረገላት እስር ቤቱ ነው። የመመገቢያ ቱቦው ቀረ፣ ዊልቸሩ ቀረ፣ ጸጉሯ አደገ። እናትየዋ በደረደረቻቸው በሽታዎች ምክንያት ስትወድቅ አልታየችም። በታሰረች በመጀመሪያው ዓመት፣ ጠበቃዋ እንደተናገሩት፣ 14 ፓውንድ ወይም ከ6 ኪሎ በላይ ክብደት ጨመረች። አብዛኛው እስረኛ በሚከሳበት ቦታ፣ የእስር ቤት ምግብ እየበላች።